ያልጠጡት አርባ አንዱ

ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፤ ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። ሹፌራችን፣ አንተ ደግሞ ቢላዋውን አስቀምጥ፤ ኬኩ እግር አውጥቶ አይሄድም። እኔ ሳልጨርስ ማንም አይነካውም።

ለእትዬ የጡረታ መሸኛ ንግግር አድርግ ስባል "እኔ የቁጥር ሰው ነኝ፣ ንግግር የት አውቄ?" ብዬ ነበር። ዳይሬክተራችን "እንግዲያው ቁጥር ይዘህ ና" አሉኝ። ይዤ መጥቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ከአራት ሺህ በላይ ቃለ መጠይቅ። የጨረሱት እርሳስ ብዛት ግን ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል።

እትዬ፣ እንደዚያ አድርገው አይዩኝ። ዛሬ ተናጋሪው እኔ ነኝ። መሃል ላይ ገብቶ መጠየቅ ክልክል ነው። የፈለገ ቢያሳክክዎት ይቻሉት።

እናንተ አዲሶቹ እሳቸው የመጡበትን ቀን አታውቁም። እኔ ግን እዚያች መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ሰኞ ጧት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የያኔው የበር ጥበቃ ሠራተኛችን እያለከለከ ገባ።

"ጌታዬ፣ በር ላይ አንዲት ሴትዮ አሉ።"

"ታዲያ አስገባቸዋ።"

"ቦርሳቸውን ፈትሼ ነበር። ሰባት ብርጭቆ አገኘሁ።"

"ብርጭቆ?"

"የመጠጥ ቤት ብርጭቆ። ሰባቱም የተለያየ ነው። አንደኛውማ አሁንም ይሸታል! ምንድን ነው ስላቸው 'ለሥራ ነው' ይሉኛል።" ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በሩ ላይ 'የወጣቶች የአልኮል አጠቃቀም ጥናት' የሚል ለጥፋችኋል። ጥናቱ በተግባር ነው እንዴ የሚጀመረው?"

እኔ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ፤ አሥራ አራት ገጽ፤ ኮርቼበት መሬት አይበቃኝም። እሳቸው ገቡ፣ ሰላም አሉ፣ ሰባቱን ብርጭቆ አንድ በአንድ አውጥተው እዚያው መጠይቄ ላይ ደረደሩት።

"ጥያቄ አሥራ ሁለትን የጻፈው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"'ባለፈው ሳምንት ስንት ብርጭቆ ጠጡ?' ይላል። የትኛውን ብርጭቆ ነው?"

ከጠረጴዛዬ ላይ የውሃ ማንቆርቆሪያውን አነሱ። ትንሹን ብርጭቆ ሞሉና ወደ ትልቁ ገለበጡት። አሁንም ሞሉ፣ ገለበጡ። ሦስተኛም። አራተኛው ላይ ነው ትልቁ ብርጭቆ አፉ ድረስ የደረሰው።

"በዚህ የጠጣው ልጅ 'ሁለት' ይልሃል። በዚህኛው የጠጣውም 'ሁለት' ይልሃል። አንተ ደግሞ ሁለቱን እኩል አድርገህ ሠንጠረዥ ውስጥ ትከታቸዋለህ። ልክ ነኝ?"

ለካ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። "እኚህን ሴት ቀጥረናቸዋል እንዴ?" አሉ። "ዛሬ ነው የጀመሩት" አልኳቸው። "ጥሩ። መጠይቁን እንደገና ጻፈው።" የሦስት ወር ሥራዬ በአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ተበላ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ጠልቻቸዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሻይ ክፍል ውስጥ ብቻችንን ተገናኘንና ከየት እንደመጡ ጠየቅኳቸው። ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ሃያ ዓመት ነርስ ሆነው እንደሠሩ ነገሩኝ።

"ታዲያ ያንን ትተው ወረቀት ሊያስሞሉ መጡ?" አልኩ፤ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅ።

አልተቆጡም። ሻያቸውን አማሰሉ። "አየህ፣ እኔ በሽተኞቹን የማያቸው በሩ ተከፍቶ ሲገቡ ነው። ስፌት፣ ጀሶ፣ ግሉኮስ። ከበሩ በፊት ምን እንደተደረገ ሳላውቅ ሃያ ዓመት ሰፋሁ። አንድ ቀን አንዱን ልጅ ቅንድቡን እየሰፋሁ 'ምን ሆነህ ነው?' አልኩት። 'ነገሩ እንዲህ ነው...' ብሎ ሲጀምር ስፌቱ አለቀ። ቀጣዩ በሽተኛ ገባ። ያ ልጅ ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እንቅልፍ ነሣኝ።"

ሰው በደመወዝ ምክንያት ሥራ ይለቃል፤ በአለቃ ምክንያት ይለቃል። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር አስለቅቆት የመጣ ሰው ግን እኔ ሌላ አላውቅም።

እንግዲህ ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። "እትዬ ከዚያስ"። እርስዎ እንዳያውቁ ብለን ከኋላዎ ስንጠራዎት ኖረናል፤ እርስዎ ደግሞ እንደሚያውቁ እንዳናውቅ ብለው ዝም ብለውናል። ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ጨረስኩ ሲል እሳቸው ጭንቅላታቸውን ትንሽ ዘመም ያደርጉና "ከዚያስ?" ይላሉ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም።

ሹፌራችን ይመስክር። አንድ ጊዜ ለመስክ ሥራ ይዟቸው ሲወጣ "ዛሬ መንገዱ ተዘጋግቷል" አለ። "ከዚያስ?" አሉት። ሁለት ሰዓት ነድተው ሲደርሱ ከሚስቱ ወንድም ጋር ስለተጣላበት ነገር ከሀ እስከ ፐ ዘርግፎላቸዋል። በነጋታው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ውሸት ነው? አያችሁ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ቀን "ጥርሴን አሞኝ ነው የዘገየሁት" ብለው ገቡ። "ከዚያስ?" ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ ሐኪሙ ሲዘገይ ጊዜ በክሊኒኩ መስኮት ዘለው እንደጠፉ ለእሳቸው እየተናዘዙ ነበር። ኧረ ምስጢሩን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም! የእሳቸው አፍ መቃብር ነው። ግድግዳችን ስስ ሆኖ ነው።

እርሳሱን ደግሞ ረስቼው። በእስክሪብቶ አይጽፉም። "ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ እስክሪብቶ አይለውጥም" ይላሉ። መልካም። ግን እርሳሱን በምላጭ የሚቀርጹት የት ነው? የእኔ ጠረጴዛ ላይ። ፍቅፋቂው የሚያርፈው የት ነው? የእኔ ሻይ ውስጥ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንጨት ጠጥቻለሁ፤ ውስጤ ሳንቃ ሳይሠራ አይቀርም። ሪፖርትስ? በጊዜው አስረክበው ያውቃሉ? አንድ ጊዜ። እሱም የቀን ስህተት ነበር።

የመጀመሪያውን ቴፕ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ደግሞ እንዲህ ሆነ። አንድ ልጅ እያወራ መሃል ላይ ድምፁ ጥፍት አለ። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ፣ አርባ። ወደ እሳቸው ሮጥኩ። "እትዬ፣ መቅጃው ተበላሽቷል።"

"አልተበላሸም። ልጁ እያሰበ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ምን እያደረጉ ነበር?"

"ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼን እየቆጠርኩ። አሥሩን አምስት ጊዜ ሳልቆጥር አፌን አልከፍትም።"

ተመልሼ አዳመጥኩ። በሃምሳ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ልጁ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገር ተናገረ። "ዝም አይነቅዝም" ሲባል እሰማ ነበር፤ እንደሚያበቅል ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህንን ለአዲሶቹም ለነባሮቹም ተናግሬው አላውቅም። እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

እሳቸው በመጡ በአራተኛው ዓመት በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ትልቅ ጥናት አደረግን። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያሉ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች መጠይቁን ሞሉ። ይጠጣሉ ወይ፣ ምን ያህል፣ ጠጥተው ይነዳሉ ወይ፣ ይደባደባሉ ወይ፣ ተጎድተው ያውቃሉ ወይ። እኔ መረጃውን ሳጣራ አርባ አንድ ወረቀት ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አገኘሁ። አርባ አንዱም "መጠጥ ጠጥቼ አላውቅም" ይላሉ። ገጽ ሲገለጥ ደግሞ "ባለፈው ዓመት በመጠጥ ምክንያት ጉዳት ደርሶብኛል" ይላሉ። እጅ የተሰበረ፣ ጥርስ የረገፈ፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ።

ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና አርባ አንዱም ላይ "ይሰረዝ" ብዬ ጻፍኩ። እትዬ እርሳሳቸውን ሊቀርጹ መጥተው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሸታሞች ናቸው፣ እትዬ። መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም ይሉና በመጠጥ እጄ ተሰበረ ይላሉ። ወይ ጠጥተዋል፣ ወይ አልተሰበሩም።"

"ሁለቱም እውነት ቢሆንስ?"

"እንዴት ሆኖ?"

"አላውቅም" አሉ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። "አለማወቄ እኮ ነው ደስ ያለኝ።"

ከአርባ አንዱ ሃያ ዘጠኙ "ድጋሚ ልታነጋግሩን ትችላላችሁ" ብለው ፈርመው ነበር። እትዬ አምስት ሳምንት እየተመላለሱ አንድ በአንድ አነጋገሯቸው። ማደሪያቸው ደረጃ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ፤ ልጆቹ ደስ ባላቸው ቦታ ሁሉ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መቅጃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "ስማ" አሉኝ።

የአንዲት ተማሪ ድምፅ ነው። ስሟን አላውቅም፤ ለእኔ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቁጥር ናት። እንዲህ ትላለች፦ "እኔ አልጠጣም። ስለማልጠጣ ነው እኮ የሚጠሩኝ። እኛ ጋ የማይጠጣው ልጅ 'ትራስ' ይባላል። ሊወጡ ሲሉ 'ዛሬ ትራሱ ማነው?' ይላሉ። ሲጣሉ መሃል የምገባው እኔ፣ ሲያስመልሳቸው ጭንቅላት የምይዘው እኔ፣ ሞተር ሲነዱ እንዳይወድቁ ከኋላ የምቀመጠው እኔ። ባለፈው ጠርሙስ ሲወራወሩ ጥርሴን የመታኝም እንደዚያ ነው። እናቴ ግን ጠጥተሽ ነው አለችኝ።"

ቴፑን አቆምኩት። እትዬ በጥናቱ ውጤት የደነገጥኩ መስሏቸው ነበር። ኋላ ግን ፊቴን አይተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እኔ ታናሽ ወንድም አለኝ። ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አንድ ቀን አመሻሹን ከጓደኛው ሞተር ላይ ወድቆ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሆስፒታል ስንደርስ ልብሱ ሁሉ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። አባቴ አልጋው አጠገብ ሳይደርስ በር ላይ ቆመ። ወንድሜ "አባዬ፣ እኔ እኮ አልጠጣሁም" አለው። አባቴ "ሽታህ ከአንተ ቀድሞ ነግሮኛል" ብሎ ፊቱን አዞረና ሄደ። እኔ ታላቁ፣ የተማርኩት፣ ከአባቴ ኋላ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ለነገሩ ልቤም የአባቴን ያህል ፈርዶበት ነበር።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። አባቴም ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት አነጋግሮት አያውቅም። ማዕድ ላይ እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ "ልጅሽን ንገሪው፣ ጨው ያቀብለኝ" ይላል ለእናቴ። ሰባት ዓመት። ሲሰነብት ለምደነው ነበር፤ የበር መንቋቋት እንደሚለመደው።

ይህንን ሁሉ ለእትዬ ነገርኳቸው። እንደሚያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው የት አውቀውት!

"ወንድምህን ጠይቀኸዋል?" አሉ።

"ምኑን?"

"ምን እንደሆነ።"

"ሰባት ዓመት ሆነው እኮ፣ እትዬ።"

"እኔ ዓመቱን አልጠየቅኩህም።"

ቅዳሜ ወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። የወንበር እግር እየላገ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም፤ በቀጥታ ጠየቅኩት። "ያን ቀን ምን ሆነህ ነበር?" አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ፤ መላጊያውን መግፋቱን ቀጠለ። እኔም ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ወዲያው እሳቸው ትዝ አሉኝና ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ጊዜ አይደለም፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሳልቆጥር አልቀረሁም።

ከዚያ ወንድሜ መላጊያውን አስቀመጠ።

"ጓደኛዬ ጠጥቶ ነበር። 'ውረድ' አልኩት፣ እምቢ አለ። 'ቁልፉን ስጠኝ' አልኩት፣ እምቢ አለ። ብቻውን ልስደደው? ከኋላ ተቀምጬ ወገቡን አቅፌ ያዝኩት። መንገድ ላይ አስመለሰው፣ እላዬ ላይ። እሱ አልወደቀም እኮ። የወደቅኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ነገርኳችሁ። አንድ ጊዜ ነገርኳችሁ። ሁለተኛ የጠየቀኝ የለም።"

ክው ነው ያልኩት። አርባ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ልሰርዝ ተነስቼ አልነበር? የመጀመሪያውን የሰረዝኩት ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ያውም የእናቴን ልጅ።

ያኑ ዕለት አባቴ ጋ ሄጄ ነገርኩት። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ያጠፋሁ መሰለኝ። በነጋታው እሑድ ለምሳ ሁላችንም ተቀመጥን። አባቴ ጎርደድ ጎርደድ ብሎ መጣና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ "ልጄ" አለ። ማናችንን እንደሆነ አላወቅንም። "ልጄ፣ ጨው አቀብለኝ" አለና ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ አቀበለው። እናቴ ድስቱን ላየው ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ ምድጃው ላይ ድስት አልነበረም።

እትዬ፣ ሰኞ ጧት ስመጣ "ከዚያስ?" አሉኝ። ያን ቀን "ምንም፣ ደህና ነው" ብዬ አለፍኩዎት፤ እንባዬ እንዳይቀድመኝ። ይኸው በአሥራ አምስት ዓመቱ መለስኩልዎት።

ወደ ኮሌጁ ልመለስ። ወሬው ለዲኑ ደረሰና አስጠሩን። ጠረጴዛቸውን ጠበጠቡና "የሚጠጡትን ልጆች ስም ዝርዝር ስጡኝ፤ ካልሆነ ከነገ ጀምሮ ግቢዬን አትረግጡም" አሉ። እኔ ፊቴ አመድ መሰለ፤ የሁለት ዓመት ሥራ ገደል ሊገባ ነው። እትዬ ግን ረጋ ብለው "ስማቸውን ብሰጥዎት እኮ በሚቀጥለው ዓመት ስንጠይቅ ግቢዎ በሙሉ መላእክት ሆኖ ያገኙታል። እግራቸው ግን መሰበሩን አይተውም" አሉ።

ዲኑ ወንበራቸውን ተደገፉ። "ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?" አሉ በመጨረሻ።

"እሱን አብረን እንጠይቃለን። እርስዎ ግን በእነሱ ዕድሜ እንዴት ነበሩ?"

ዲኑ ወደ እኔ አዩ። "አንተ ውጭ ጠብቅ" አሉኝ። ሁለት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆምኩ። እትዬ ሲወጡ ፈቃዱን ይዘዋል። ዲኑ ምን እንዳወሯቸው ስንት ዓመት ለመንኳቸው! ዛሬም ጡረታ እየወጡ አይነግሩኝም። ያ ነገር እስክሞት ያሳክከኛል።

ከዚያ ምን እናድርግ ተባለ። እኔ ባለሙያ ነኝና ፖስተር አሠራሁ፤ የራስ ቅል ያለበት፣ በትልቁ "ተጠንቀቁ!" የሚል። በሳምንቱ ስሄድ አንዱ ተማሪ የራስ ቅሉ ላይ ፎጣ አስጥቶበታል። እትዬ ግን ትራሶቹን ሰብስበው "ምን ቢኖር ይቀላችሁ ነበር?" አሏቸው። እስከዚያ ቀን ይህንን የጠየቃቸው አልነበረም። ልጆቹ ሁለት ነገር ብቻ አሉ። የግቢው በር ላይ ቁልፍ የሚቀመጥበት ሣጥን፦ ሊጠጣ የሚወጣ ሁሉ ሲወጣ የሞተሩን ቁልፍ እዚያ ያስቀምጣል፣ ጧት ይወስዳል። ሁለተኛው፣ ሰዎቹን የሚመልስ አንድ ሚኒባስ። "ጓደኛዬን ቁልፍ ከልክዬ ከምጣላው ሣጥኑ ይጣላልኝ" ነው ያለው አንዱ።

ዲኑ ሁለቱንም ፈቀዱ። በሁለተኛው ዓመት ደግመን ስንለካ፣ ሳይጠጡ የተጎዱት ከአርባ አንድ ወደ አሥራ ሰባት ወርደዋል። እውነቱን ለመናገር የመጠጡ ልክ ብዙም አልቀነሰም፤ ይህንንም ሪፖርቱ ላይ ሳንደብቅ ጽፈናል። እኛ ጮቤ ረግጠን ኬክ አስመጣን። እሳቸው ኬኩን ሳይነኩ ሠንጠረዡ ላይ አጎንብሰው "እነዚህ አሥራ ሰባቱስ ምን ሆነው ነው?" ይላሉ። ደስታ የማያውቁ ሰው ናቸው እንዳልል፣ ደስታቸው እሱ ነው።

ሁልጊዜ ግን በሳቅ አልኖርንም። ሦስት ጊዜ አነጋግረውት የነበረ አንድ ልጅ የሞተ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ሰኞ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ያሏቸውን እርሳሶች ሁሉ ቀረጹ። ሳምንት ሙሉ ማንንም ምንም አልጠየቁም። ቢሮው እንዲህ ጭር ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም። በስምንተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ሹፌራችንን አቁመው "ልጅህ ሳሉ ተሻላት?" አሉት። ሁላችንም በየክፍላችን ሆነን ሰማን፤ ሁላችንም ተነፈስን። እኔ የዚያን ዕለት ነው የገባኝ። የእኚህ ሰው ጥያቄ እንደ ሰው ጥያቄ ለወሬ አይደለም። ሰውን "አለህ ወይ?" ማለታቸው ነው።

እትዬ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። እኔ ትምህርት ቤት ቆጠራ ተምሬአለሁ፤ መቁጠር ከመጀመሬ በፊት መጠየቅ እንዳለብኝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ወንድሜ አሁን ሁለት ልጆች አሉት። አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግፎ የሚያነሳውና የሚያስተኛው ያ የሚያነክሰው ልጁ ነበር። ሌላ ሰው ሲይዘው እሺ አይልም። እርስዎ ባይኖሩ አባቴ ከዚያ ልጁ ጋር ሳይነጋገር ይሞት ነበር። ለዚህ ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? እግዜር ይስጥልኝ። የእኔን ቤት አቅንተውልኛል።

እናንተ አዲሶቹ ደግሞ፣ ከነገ ጀምሮ የእሳቸውን ወንበር የምትወርሱት፣ ጎበዞች ናችሁ። ኮምፒውተሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። አንድ ሰው ከሠንጠረዣችሁ ጋር አልገጥም ሲላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።

ትናንት ዕቃቸውን ሲሸክፉ "ከነገ ወዲያ ምን ሊሠሩ ነው?" አልኳቸው። ባዶ መሳቢያቸውን ገፍተው ዘጉ። "ታላቅ እህቴ ጋ ልገባ ነው" አሉ። "ታውቃለህ፣ አራት ሺህ የሰው ልጅ ስጠይቅ ኖሬ እህቴን ስለ ራሷ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ልብስ ሰፍታ አሳደገችኝ፤ እሷ ምን ትፈልግ እንደነበር አላውቅም።"

እነሆ፣ ታላቅ እህታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እማማ፣ እንኳን ደህና መጡልን። ሳይነግረኝ ቀረ ብለው እንዳይቆጡኝ ከወዲሁ ላስጠንቅቅዎት፤ ከነገ ጧት ጀምሮ እረፍት የለዎትም። ደግሞም ትልቅ ሰው ናቸው ብለው አይለቁዎትም። ዝም ቢሉም አይጠቅምዎትም፣ እሳቸው ይጠብቃሉ። ቢስቁ አብረው ይስቃሉ፤ ቢያለቅሱም የትም አይሄዱም። እኛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞክረነዋል፤ ምንም አይጎዳም።

እስቲ ሁላችሁም ተነሱ። ጭማቂ የያዘ ጭማቂውን፣ ቢራ የያዘ ቢራውን፣ ውሃም የያዘ ውሃውን ከፍ ያድርግ። ሹፌራችን፣ ሁላችንንም የምትመልሰን አንተ ነህና ያንተ ለስላሳ መሆኑን አይቻለሁ፤ ተባረክ።

እትዬ፣ ዕድሜን ከጤና አይንፈግዎት። ጉልበትዎ ይጽና፣ ጆሮዎ አይድከም። በሄዱበት ሁሉ በር የሚከፍትልዎት፣ ወንበር የሚስብልዎት፣ "ነገሩ እንዲህ ነው" ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚያወራዎት ሰው አይጡ።

ለእርስዎ፣ ለእህትዎም፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳታወሩት ለቆየው ወሬያችሁ። ለጤናችን!